«ቴክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ግሥ በአማርኛ ስንት ሆኖ እንደሚገኝ

የእንግሊዝኛን ቋንቋ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የትምህርት መሣሪያ አድርገን የምንጠቀም ተማሪዎች አንድ የቆየ ልማድ አለን። ይኸውም በእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል አጠገብ አንድ የአማርኛ ቃል ጽፈን ሁለቱን እንደ በሬ ጠምደን ማጥናት ነው። ይህ ልማድ ለስም ብዙ ጊዜ ይረዳል። ዛፍ ዛፍ ነው፤ ጠረጴዛም ጠረጴዛ ነው። ወደ ግሥ ሲደረስ፣ ይልቁንም በየቀኑ በአፍ ወደሚመላለሱት ትንንሽ ግሦች ሲደረስ ግን አንዱ በሬ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ ይጎትታል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የመረጥነው «ቴክ» የተባለውን ግሥ ነው። በደብተራችን ላይ ከአጠገቡ ተጽፎ የነበረው «ወሰደ» የሚል ብቻ ነበር።

ለምርጫችን ምክንያት የሆነን ግን ደብተሩ አይደለም። በገርጂ ሰፈር በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ ከፊታችን አንዲት አዛውንት ነበሩ። ከአነጋገራቸው እንደተረዳነው ከገጠር የመጡ እንግዳ ናቸው። ወጣቷ ባለሙያ ሁለት ዓይነት ኪኒን በወረቀት ከረጢት አድርጋ ሰጠቻቸውና «እናቴ፣ ይህን በቀን 2 ጊዜ፣ ይህን ደግሞ ማታ ማታ ይወስዳሉ» አለቻቸው። እርሳቸውም ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጥቂት ካሰቡ በኋላ «ወዴት ነው የምወስደው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁ። ከኋላ የቆመው ሰው ሳቀ። ባለሙያዋም ፈገግ አለችና «መውሰድ ነዋ፣ እናቴ» ብላ ያንኑ ቃል ደገመችላቸው። እርሳቸው አልሳቁም። እኛ ግን ከሳቁት መካከል እንደነበርን መሸሸግ አይገባንም። ቆይተን ስናስበው ጥያቄአቸው ፍጹም ትክክል ሆኖ አገኘነው። በአማርኛ የሚወሰድ ነገር ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ ወደ ሌላ ስፍራ የሚሄድ ነው። ስለዚህ «ወዴት?» መባሉ የሰዋስው ሕግ ነው እንጂ አለማወቅ አይደለም።

እንግሊዛዊው «ቴክ» ሲል ይህ ጥያቄ አይነሣበትም። እርሱ አውቶቡስ ቴክ ያደርጋል፤ ኪኒን፣ ፎቶግራፍ፣ ወንበር፣ ምክር፣ መሐላና ፈተና ሁሉ ቴክ ያደርጋል፤ ከአምስት ላይ ሁለት ቴክ ያደርጋል፤ ሥራውም በፈንታው ሦስት ሰዓት ቴክ ያደርግበታል። ለሁሉም መሠረት የሚሆን አንድ ሰፊ ሐሳብ አለ፤ አንድ ነገር ወደ ራስ እጅ ወይም ወደ ራስ ይዞታ መግባቱ ነው። ከማን እጅ ገባ? በፈቃድ ነው በግድ? ከገባ በኋላ ወዴት ሄደ? ግሡ ራሱ አይናገርም፤ የቀረው ዐረፍተ ነገር ይናገርለታል። አማርኛ ግን እነዚህን ጥያቄዎች ገና ግሡን ሲመርጥ ይመልሳቸዋል። ልዩነቱ በአጭሩ ይህ ነው፤ ከዚህ በታች የምንጽፈው ሁሉ የዚሁ ማብራሪያ ነው።

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን በእንግሊዝኛ ድርሰታችን ውስጥ ታክሲን በእጃችን ጨብጠን እንዳቆምነው፣ ፎቶግራፍን ከመሬት ብድግ እንዳደረግነው፣ ደረቅ ኪኒንንም እንደ ውኃ እንደጠጣነው ጽፈን ነበር። «ታክሲ ያዝን፣ ፎቶ አነሣን፣ መድኃኒት ጠጣን» የሚለውን ቃል በቃል ስንመልሰው ነው። መምህራችን በቀይ ቀለም የጥያቄ ምልክት ብቻ አድርገው መለሱልን። ስሕተቱ በእንግሊዝኛችን ላይ ቢሆንም ያሳየው የአማርኛን ሥርዓት ነበር። በሦስቱም ቦታ እንግሊዛዊው አንድ ግሥ ሲጠቀም እኛ ሦስት የተለያዩ ግሦች ነበሩን።

ከእነዚህ ሁሉ ሰፊው «ያዘ» ሳይሆን አይቀርም። ማለዳ መገናኛ ላይ ለጥቂት ጊዜ የቆመ ሰው ይህን ግሥ በየአቅጣጫው ይሰማዋል። አንዱ ወደ ቦሌ የሚሄድ ታክሲ ይይዛል፤ ሌላው ከአያት የሚመጣውን፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር ይይዛል፤ ሦስተኛው ቀድሞ ገብቶ ለጓደኛው ቦታ ይይዝለታል። ተማሪው ክፍል ገብቶ ማስታወሻ ይይዛል፤ ከሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይይዛል። የጦር አለቃ ከተማ ሲይዝ፣ ሹም ሥልጣን ሲይዝ ያው ግሥ ነው። በእንግሊዝኛ ከእነዚህ አብዛኞቹ ቴክ ናቸው። ነገር ግን «ያዘ» ከቴክ የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው፤ ከያዙ በኋላ አለመልቀቅን ጨምሮ ያመለክታል። ቦታ የያዘ ሰው ቦታው ላይ አለ። ስለዚህም «ይዟል» ስንል ብዙ ጊዜ የምንናገረው ስላለፈው ድርጊት ሳይሆን አሁን ስላለው ሁኔታ ነው። ግሡ በሰውዬው ላይም ይዞርበታል። ታክሲ የያዘውን ሰው ወሎ ሰፈር ሲደርስ ትራፊክ ይይዘዋል፤ በክረምትም ጉንፋን ይይዘዋል። ያረፈደ ተማሪ «ትራፊክ ይዞኝ ነው» ሲል በሰዋስው ረገድ ከደሙ ንጹሕ ነው፤ ተያዘ እንጂ አልያዘም። መምህራን ይህን ምክንያት ምን ያህል እንደሚቀበሉት ሌላ ነገር ነው።

በዚያው ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የሚሠራው ሥራ ደግሞ «ተቀበለ» ይባላል። የሚሰጥ ሰው ሲኖር የሚቀጥለው ግሥ ይህ ነው። ገንዘብ፣ ደብዳቤ፣ እንግዳ፣ ምክርና ሹመት ይቀበሏቸዋል እንጂ አይወስዷቸውም። እናቱ የላከችውን ልጅ ባለሱቁ ጋ ሄዶ ዘይቱን «ተቀብለህ ና» ብትለው ዋጋው ተከፍሏል፤ ወይም በዱቤ መዝገብ ላይ ይጻፋል ማለት ነው። «ወስደህ ና» ያለችው እንደሆነ ግን ልጁ የሚያደርሰው ነገር አለ፤ ዘይቱ ሊመጣ ሳይሆን ሊሄድ ነው። አሮጊቷ መድኃኒቱን በሁለት እጃቸው መቀበላቸውን ያነሣነው በከንቱ አይደለም። በእኛ ዘንድ መቀበል የአክብሮት ሥርዓት ያለው ተግባር ስለሆነ የራሱ ግሥ ይገባዋል።

ከሰጪው ወገን የሚነገር አንድ እንግዳ ቃልም አለ። እርሱም «እንካ» ነው። ለሴት «እንቺ»፣ ለብዙ ሰዎች «እንካችሁ» ይባላል። የኃላፊ ጊዜ የለውም፤ «እንካሁ» ወይም «ይእንካል» ብሎ የተናገረ ሰው አልሰማንም። እጅ ወደ እጅ በተዘረጋበት ቅጽበት ብቻ የሚኖር ግሥ ነው። ባለንግግሮቹ ተቀባብለው የሚጫወቱት እንካ ሰላንቲያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እንግሊዛዊው በዚህ ቦታ ቴክ ማለት ቢችልም ትእዛዝ ስለሚመስልበት ብዙ ጊዜ ሌላ አነጋገር ይመርጣል።

አሁን ወደ «ወሰደ» እንመለስ። የዚህ ግሥ ባልንጀራ «አመጣ» ነው። ወዲህ የሚሆነው ይመጣል፤ ወዲያ የሚሆነው ይወሰዳል። በዚህ ረገድ ከቴክ ጋር በሚገባ ይስማማል፤ እንግሊዝኛም ቴክን «ብሪንግ» ከሚለው ተቃራኒው ጋር እንዲሁ ያቆማልና። ሆኖም በዚህ በተስማሙበት ቦታ እንኳ አንድ ተቀናቃኝ አለ። እንግሊዛዊ ወንድሙን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ቴክ ያደርገዋል። እኛ ወንድማችንን ቦሌ አንወስደውም፤ እንሸኘዋለን። «ወሰድነው» ብንል ታሞ ወይም ታስሮ ይመስላል። መሸኘት መኪና መንዳት ብቻ አይደለም፤ ለዚያ ቀን የቤተ ሰቡ ትልልቆች ይነሣሉ፤ ጎረቤት ይመጣል፤ ድርቆሽና በርበሬ የታጨቀበት ሻንጣ ይመዘናል፤ የተለቀሰውም ከዚሁ ይቆጠራል። ለዚህ ሁሉ ቴክ የሚለው ቃል በጣም ጠባብ ነው። በተርጓሚነት የሚሠራ ጓደኛ ያለው አንባቢ «ሸኘ» የሚለውን በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል እንዲመልስለት ቢጠይቀው ሲቸገር ያየዋል።

ከቦሌ ሳንርቅ አንድ ነገር እንጨምር። መንገደኛው ለፍተሻ ሲቀርብ ጫማውንና ቀበቶውን እንዲያወልቅ ይታዘዛል። ጥቂት ቆይቶ የገባበት አውሮፕላን ይነሣል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም «ቴክ ኦፍ» ናቸው፤ የጫማውም የአውሮፕላኑም። እኛ አንዱን አወለቀ፣ ሌላውን ተነሣ እንላለን። አንባቢ ይህን እንደ ተራ ልዩነት አይቶ እንዳያልፈው እንለምናለን፤ ምክንያቱም ቴክና አማርኛው ሳይተዋወቁ የተገናኙት እዚህ ላይ ነው።

«ተነሣ» የሚለው ግሥ የመጣው «ነሥአ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው። ነሥአ ማለትም ያዘ፣ ወሰደ፣ ተቀበለ ማለት ነው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ እስከ ዛሬ ድረስ የተማሪ ዋና መጽሐፍ ነው። እንግዲህ የጥንቱ የአገራችን ቋንቋ ለቴክ የሚመጥን አንድ ሰፊ ግሥ ነበረው ማለት ነው። «ተንሥአ» ሲባል ብድግ አለ፣ ቆመ ይሆናል፤ ትንሣኤም ከዚሁ ነው። ከሊደታ የአውሮፕላን ሜዳ ዘመን ጀምሮ አውሮፕላን ሲበር «ተነሣ» ያሉት ሰዎች እንግሊዝኛውን የተረጎሙ አይመስለንም፤ እንደ ወፍም እንደ ሰውም ከተቀመጠበት ብድግ ስላለ በገዛ ቋንቋቸው ተናገሩ። ቢሆንም ሁለቱ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ሄደው «መውሰድ» ከሚል ሥር «መብረር» ላይ ደረሱ።

ይህ ሰፊ ግሥ በአማርኛ ምን ሆነ? «አነሣ» በሚለው መልኩ ደህና ኖሯል፤ ዕቃ እናነሣለን፤ ነገር እናነሣለን፤ ፎቶም እናነሣለን። ራቁቱን «ነሣ» ሲሆን ግን ከፍ ያለ ግዛቱን ለ«ወሰደ»ና ለ«ያዘ» ለቅቆ ወደ ክልከላ ወርዷል። እንቅልፍ ነሣኝ፣ ሰላም ነሣኝ፣ ፊት ነሣኝ እንላለን። የጥንቱ ትርጉም ሳይደበዝዝ የቀረው «ድል ነሣ» በሚለውና አክብሮትን በሚያመለክተው «እጅ ነሣ» በሚለው ነው። ድል የነሣ ሰው ድልን የከለከለ ሳይሆን የወሰደ ነው።

የሚያስደንቀው፣ እንግሊዝኛም በዚሁ መንገድ ማለፉ ነው። ቴክ የእንግሊዝ አገር ተወላጅ ቃል አይደለም። ከስካንዲናቪያ መጥተው በእንግሊዝ አገር የሰፈሩት ሰዎች ይዘውት የገቡ ሲሆን በእነርሱ ቋንቋ «ታካ» ይባል ነበር። ከእርሱ በፊት የነበረው የአገሬው ግሥ «ኒማን» ነው፤ ጀርመኖች ይህንኑ ዘመድ ግሥ «ኔመን» እያሉ እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። በእንግሊዝኛ ግን እንግዳው ባለቤቱን አስወጣው። ኒማን እየደከመ ሄዶ በመጨረሻ መስረቅ የሚል ትርጉም ብቻ ቀረለት፤ ሼክስፒርም በቴአትሩ ውስጥ አንዱን ሌባ ወታደር ኒም ብሎታል። ዛሬ የተረፈው «ነም» በሚለው ቃል ውስጥ ነው፤ ይኸውም የደነዘዘ፣ ስሜቱ የተወሰደበት ማለት ነው። የእኛ ነሣ ወደ መከልከል፣ የእነርሱ ኒማን ወደ መስረቅና ወደ መደንዘዝ ወርደዋል። የሁለቱም ቋንቋ ጥንታዊ «ውሰድ» ከሰው ላይ በመጉደል መጨረሱ ለምን እንደሆነ አንድ መምህር ቢጽፍበት ደስ ይለናል።

በግድ የሆነውን መውሰድ ረዥም ሐተታ አያስፈልገውም፤ ቀማ፣ ነጠቀ፣ ዘረፈ፣ ማረከ፣ ወረሰ እያለ አማርኛ በደሉን በየዓይነቱ ይለየዋል። ይሁን እንጂ በግሡ ጫፍ ላይ የሚጨመሩት ሁለት ትንንሽ ነገሮች መታለፍ የለባቸውም። «መጽሐፌን ወሰደልኝ» ያለ ሰው ያመሰግናል፤ «መጽሐፌን ወሰደብኝ» ያለ ሰው ይከሳል። የተለወጠው አንድ ፊደል ነው። እንግሊዝኛውን ብቻ ያነበበ ዳኛ መጽሐፉን ቴክ ያደረገው ሰው ወዳጅ ይሁን ሌባ ተጨማሪ ምስክር ሳይጠራ አያውቅም። የምስክር ቃል የሚተረጉም ሰው በዚህች ፊደል ላይ ቢያንቀላፋ የሚያስከትለውን ጉዳት አንባቢ ራሱ ይገምተው።

እስካሁን የተናገርነው ቴክ ሲመጣ አማርኛ እንዴት እንደሚከፋፍለው ነው። ዳሩ ግን በእኛ ዘመን ነገሩ ወደ ኋላ እየዞረ ነው። «ወሰደ» የቴክን ካባ ለብሶ የሌሎችን ቦታ ይይዝ ጀመር። መንግሥት እርምጃ ይወስዳል፤ ሹሙ ኀላፊነት ይወስዳል፤ ጉዳዩ ጊዜ ይወስዳል፤ ተማሪው ኮርስና ፈተና ይወስዳል፤ በቦሌ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ባሉ ቡና ቤቶች እንደምንሰማውም ሻወር ይወሰዳል። ሁሉንም በአንድ ላይ ማውገዝ አይገባም። እርምጃ መውሰድ ከዜናና ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ የማይነቀል ሆኗል። ኮርስ ወሰደ የሚለውንም እኛው ራሳችን በየቀኑ እንናገረዋለን። ፈተና ወሰደ የሚለው እንኳ ጥቅም አለው፤ «ተፈተነ» ስንል በመከራ የተፈተነው ሰውም ሊገባ ይችላልና። «ጊዜ ይወስዳል» ግን «ይፈጃል» የሚለውን ማራቁ ያሳዝናል። ከመገናኛ እስከ ቦሌ በማለዳ መጓዝን የሚያውቅ ሰው ያ መንገድ ጊዜን እንደሚፈጅ፣ ማለትም እንደሚያጠፋና እንደሚበላ ያውቃል። ስለ ሻወሩ፣ ሰው ገላውን ቢታጠብ ይሻለዋል እንላለን።

መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ይህን ችግር ቀድመው አውቀውታል። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በቃል ፈንታ ቃል ከመስጠት ይልቅ እያንዳንዱን አገባብ በዐረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ያሳያል። በዚያው ዓመት ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከጂ. ፒ. ሞስባክ ጋር ያዘጋጁት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላትም ወጥቷል። ለደብተር ጥንድ ቃላት ከምንሰበስብ እነዚህን ከፍተን አንድ ሰዓት ብንቀመጥ ይሻላል።

የቀረው የመድኃኒቱ ነገር ነው። ፋርማሲ ለሚያጠና አንድ ባልንጀራችን ጉዳዩን ብንነግረው ለ«ወሰደ» ተከራከረለት። «ቴክ የሚባለው ሽሮፕም ኪኒንም መርፌም ነው፤ ለሁሉ የሚሆን አንድ ግሥ ያስፈልገናል። መድኃኒቱን ወስዷል ብዬ ካልጻፍሁ ምን ልጻፍ?» አለን። ይህ እውነት ነው፤ ባለሙያ ለባለሙያ ሲጽፍ ሰፊ ቃል ይጠቅመዋል። በሽተኛው ፊት ግን ሰፊነቱ ጉድለት ይሆናል። አማርኛ ኪኒን ይዋጣል ይላል፤ ሽሮፕ ይጠጣል፤ ቅባት ይቀባል፤ መርፌ ይወጋል፤ የዓይን ጠብታ በዓይን ይጨመራል። አንዳንዱ ኪኒን ይታኘካል፤ አንዳንዱ ሳይታኘክ ይዋጣል፤ ከምላስ ሥር የሚቀመጥም አለ። መድኃኒቱ በየት በኩል እንደሚገባ የሚናገረው ግሡ ራሱ ነው። ይህን ሁሉ «ይወሰዳል» በሚል አንድ ቃል ከሸፈንነው ማንበብ ለማይችል ሰው የቀረለትን ብቸኛ መመሪያ ሰረዝንበት ማለት ነው፤ በቀለም የሚመሳሰሉ ሁለት ኪኒኖች በአንድ ከረጢት ውስጥ ሲሆኑ ደግሞ ስሕተቱ የሚከፈለው በጤና ነው። ባልንጀራችንም ከብዙ ክርክር በኋላ፣ በመዝገብ ላይ ይወሰዳል፣ በከረጢት ላይ ግን ይዋጣል ቢባል እንደሚስማማ ነገረን።

በገርጂው መድኃኒት ቤት ያሉትን እናት የረዳቸው ከእኛ ከተማሪዎቹ አንድም አልነበረም። ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ከኋላችን ብቅ አለችና «እማማ፣ ይዋጣል ማለቷ ነው፤ በውኃ» አለቻቸው። እርሳቸውም «እንዲያ በሉኝ እንጂ!» ብለው ከረጢቱን በነጠላቸው ጫፍ ከቋጠሩ በኋላ ወደ ባለሙያዋ ዞረው «ታዲያ ሳልበላ ነው ከበላሁ በኋላ?» ሲሉ ሁለተኛውን ጥያቄ ጠየቋት።